ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሰባተኛ

መደርደሪያዬን አንድ ማታ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት፤
አቧራውን እንኳ ሳልጠርግ፣ እንዳለ ለሰው ላክሁት።
"ለሰው" ስል ለማላውቀው ነው፤ መንገድ ላይ ባየው ለማልለይ፣
የራሱን መደርደሪያ ልኮ፣ የሌላውን ለሚያይ።
መልክ አልነበረንም እኛ፤ የምንተዋወቀው በጀርባ ነበር፣
በመጽሐፍ ጀርባ፦ በቢጫ፣ በተላጠ፣ በታሠረ በክር።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።
"ይቅርታ ጋሼ፣ ካልተኙ፦
ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሰባተኛ፣
ያ ጀርባው በፕላስተር የታሸገው፣
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት አለ ወይ እርስዎ ዘንድ?
ከእኔው ላይ ተገንጥሎ፣ ሃያ ዓመት ፈለግሁት በየመንገድ።"

ተነሣሁ። መብራት ጠፍቷል። በሻማ ገለጥሁ።
አለ።
ጥጉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበታል፣ ግን አለ።
ፎቶው በሻማ አልወጣ ቢለኝ፣
በአንድ ጣቴ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምሁ፣
ወፍ ሳይንጫጫ ጽፌ ላክሁ።

ዘርፌሸዋል ትባላለች፤ አራት ኪሎ፣ መድኃኒት ቤት፤
ቀን ክኒን ትቆጥራለች፣ የገጽ ቁጥር በሌሊት።
በእሷ በኩል ኸይረዲን መጣ፣ የለገሃር ሰዓት ጠጋኙ፣
ሚስቱ "ወይ እኔ ወይ ወረቀቱ" ብላው፣ መጽሐፎቹ ከአልጋ ሥር የተኙ።
ደግሞ ጋሽ ይፍሩ፣ የማተሚያ ቤት አራሚ የነበሩ፤
"ደህና እደሩ" ብንላቸው፣ "አራት ነጥቡስ?" ብለው የሚያድሩ።

ሰባት ሆንን፣ ከዚያ ዘጠኝ። በዓይን ግን አንተዋወቅም።
"ቅዳሜ ብሔራዊ ጋ" እንባባላለን፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ እኛ አንመጣም።
ፈራን መሰለኝ፣
ሰው ከመደርደሪያው ያንሳል ብለን።
እኔ ለምሳሌ ያላነበብኋቸው አሉ፣ ከፊት የደረደርኋቸው፣
ቆዳ ስለለበሱ፣ ስለሚያብረቀርቅ ጽሕፈታቸው።

ከዚያ ወረዳው ደብዳቤ አመጣ።
ቤቴ ፒያሳ ነው፣ ከዶሮ ማነቂያ ወረድ ብሎ፣ የቀበሌ፣ ሁለት ክፍል፤
በሩ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። "በአሥር ቀን ይነሣል።"
ምትኩ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ስቱዲዮ፣ አራተኛ ፎቅ፣
አልጋ ሲገባ ወንበር የሚወጣበት፣ ሁለት ሰው ሲቆም የሚጨንቅ።
ያን ማታ ሌላ ፎቶ አንሥቼ፣ ከሥሩ ጻፍሁ፦ "የሚሸጥ"፤
ቃሉን እያየሁ አነጋሁ፣ ሳልተኛ ሳልቀመጥ።

ጠዋት በሬ ተንኳኳ።
አንዲት ቀጠን ያለች ሴት፣ ነጭ ጋውኗ ከኮቷ ሥር፣
ሁለት የሽሮፕ ካርቶን ታቅፋ።
ከኋላዋ፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የረሳ፤
ከእሱ ኋላ ባለ ከዘራ ሽማግሌ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው በዳገቱ።
ማን ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም።
በጀርባ ለምደን፣ ፊት ለፊት ስንሆን አፈርን።

"ሦስተኛው ረድፍ ከእኔ ጋር ይሄዳል" አለች፤ "አልገዛም። አሳድራለሁ።"
"የታችኛው አልጋዬ ሥር ይገባል" አለ ኸይረዲን፤ "ሚስቴን እኔ አስረዳለሁ።"
ጋሽ ይፍሩ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንሥተው አዩና፣
"እዚህ ጋ ፊደል ገድፈዋል" ብለው በእርሳስ አረሙት፤
ታርሞም ያው ማፍረስ ነው ገና።

አሁን ቤተ መጻሕፍቴ በከተማው ተበትኗል፤
ከፊሉ አራት ኪሎ ይውላል፣ ከፊሉ ለገሃር አልጋ ሥር ያድራል፣
ሁለት ረድፍ አምባሳደር ጀርባ፣ ጋሽ ይፍሩ ሳሎን፣
ሳይታረም አልቀረም እስካሁን።
ለአንድ ምዕራፍ ታክሲ እይዛለሁ፣
የሰው በር አንኳኳለሁ፤
ጨዋታው ያስመሸናል፣ ሳላነብ እመለሳለሁ።

የስቱዲዮው ግድግዳ ባዶ ነው። ሚስማር እንኳ አልመታሁም።
የመጀመሪያውን ፎቶ ግን ከስልኬ አላጠፋሁም።
የእሷ ጎዶሎና የእኔ ሙሉ ጎን ለጎን ቆመዋል አሉ፤
አልነጣጠለቻቸውም።
ፎቶውን በሁለት ጣቴ ሳሰፋው፣
ከግራ ሰባተኛው ላይ
ፕላስተሩ ከጫፉ ተላቅቋል።
እርግጥ መድኃኒት ቤት ፕላስተር አይጠፋም።
ቢሆንም ነገ ስሄድ፣
ሙጫ ልያዝ።